ኒው ዮርክ ውስጥ ፕሪ-ዋር አፓርትመንት ለመግዛት፦ ከማስታወቂያው እስከ ቁልፉ

«ግርማ ሞገስ ያለው ፕሪ-ዋር አፓርትመንት። ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ ፓርኬው ኦሪጅናል፣ ዶርማን (በረኛ) ያለው።» ኒው ዮርክ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳያይ አይውልም። ፕሪ-ዋር የሚባለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ሕንፃ ነው። አብዛኛው ከ1900 ገደማ እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተገነባ ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ውበቱን ማንም ያየዋል። ደላላውም የሚያሳያችሁ እሱን ነው፣ ዋጋውም ላይ ተደምሯል። ስለዚህ ብዙ የምናወራው ስለማይታየው ይሆናል፦ ግድግዳው ውስጥ ስላለው ቧንቧና ሽቦ፣ ስለ ሕንፃው ዕዳ፣ ስለ ጎረቤቶቻችሁ ኪስ። አንድ አፓርትመንት ገዛሁ ትላላችሁ እንጂ በተግባር የምትገቡት መቶ ዓመት ሊሞላው ወደተቃረበ ወይም ወዳለፈው ሕንፃ ሽርክና ነው።

1. ማስታወቂያውን ማንበብ ልመዱ

የክፍል አቆጣጠሩ የራሱ አሠራር አለው። «ክላሲክ ሲክስ» ካለ ስድስት ክፍል ነው፦ ሳሎን፣ ለብቻው የሆነ የምግብ ክፍል፣ ኩሽና፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ከኩሽናው ጀርባ ደግሞ ትንሽዬ የሠራተኛ ክፍል። መታጠቢያ ቤት አይቆጠርም። «ክላሲክ ሰቨን» ሲሆን መኝታ ቤቱ ሦስት ይሆናል። የሠራተኛ ክፍሏ አንድ አልጋ ከገባባት መዞሪያ የላትም፤ ግን ብዙ ጊዜ የራሷ መጸዳጃ አላት። ዛሬ ቢሮ ወይም የሕፃን ክፍል ትሆናለች። ሲገቡ የሚቀበላችሁ ሰፊ መግቢያም የዚያ ዘመን ምልክት ነው። አዲስ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ «ይባክናል» ተብሎ አይሠራም።

የአርክቴክቱ ስም ከተጠራ ዋጋው ከፍ ይላል። ሮዛሪዮ ካንዴላ (740 ፓርክ አቬኑ፣ 1930) እና ኤመሪ ሮዝ (ሳን ሬሞ፣ 1930) በብዛት ከሚጠሩት ናቸው። በነገራችን ላይ ሁለቱም ከውጭ አገር የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ ካንዴላ ከሲሲሊ፣ ሮዝ ከዚያን ጊዜዋ ሃንጋሪ። ስማቸው ያምራል፤ ጣሪያ ሲያፈስ ግን አይደፍንም።

ገንዘባችሁ ለሴንትራል ፓርክ ዌስት ወይም ለፓርክ አቬኑ ካልደረሰ ተስፋ አትቁረጡ። ያው ወፍራም ግድግዳ፣ ያው ሰፊ መግቢያ በጃክሰን ሃይትስ (ኩዊንስ)፣ በግራንድ ኮንኮርስ (ብሮንክስ) እና በሰሜን ማንሃተን ሀድሰን ሃይትስ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው እነዚህን ነው።

ማስታወቂያ ላይ ካያችሁ ቆም የምትሉባቸው ጥቂት ቃላት አሉ። «እስቴት ኮንዲሽን» ማለት ለረጅም ዓመታት ያልታደሰ፣ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሞተው ወራሾች የሚሸጡት ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ የእድሳቱ ወጪ ግን ይጠብቃችኋል። «ስፖንሰር ዩኒት» ማለት ሕንፃውን ወደ ኮ-ኦፕ (ነዋሪዎቹ ባለአክሲዮን ወደሆኑበት ኩባንያ) ያዞረው ባለሀብት አሁንም በእጁ የያዘው ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኮ-ኦፑን የሚያስተዳድረው የቦርድ ፈቃድ ስለማያስፈልገው ሂደቱ ይቀላል። «ኤችዲኤፍሲ» (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የተቋቋመ ኮ-ኦፕ) ካለ የገዢው ገቢ ጣሪያ አለው። ሃርለም ውስጥ ዋጋው የማይታመን ቤት ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንን ነው። «ዲኮሬቲቭ ፋየርፕሌስ» ደግሞ እሳት የማይነድበት ምድጃ ነው።

የስኩዌር ፊቱን ቁጥር ብዙ አትመኑት። ኮ-ኦፕ የሚሸጠው በአክሲዮን እንጂ በስፋት ስላልሆነ ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር በአብዛኛው ግምት ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

2. ኮ-ኦፕ ነው ወይስ ኮንዶ?

የማንሃተን ፕሪ-ዋር በአብዛኛው ኮ-ኦፕ ነው። ሲሠራ ለኪራይ ነበር፤ በኋላ ወደ ኮ-ኦፕ ዞረ። በ1884 ያለቀው ዳኮታ እንኳ ኮ-ኦፕ የሆነው በ1961 ነው።

ኮ-ኦፕ ስትገዙ ሕጋዊ የቤት ካርታ አይሰጣችሁም። ሕንፃው የአንድ ኩባንያ ነው፤ እናንተ የኩባንያውን አክሲዮን ትገዛላችሁ፣ ከአክሲዮኑ ጋር በክፍሉ የመኖር ውል ታገኛላችሁ። በየወሩ «ሜንተናንስ» ትከፍላላችሁ። በውስጡ የሕንፃው ንብረት ግብር፣ የሠራተኞች ደመወዝ፣ የማሞቂያ ነዳጅ፣ የሕንፃው የራሱ የባንክ ዕዳ ሁሉ አለ። ስለዚህ ሜንተናንሱን ከኮንዶ ወርሃዊ ክፍያ ጋር ቁጥር ለቁጥር አታወዳድሩ። የኮንዶ ባለቤት ግብሩን ለብቻው ይከፍላል።

ኮ-ኦፕ አንድ ጥሩ ጎን አለው። ኮንዶ በብድር ሲገዛ ገዢው በብድሩ ላይ የሞርጌጅ ምዝገባ ግብር ይከፍላል፤ ብድሩ 500,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ 1.925 በመቶ። ኮ-ኦፕ ላይ ይህ ግብር የለም። በ700,000 ዶላር ብድር ወደ 13,500 ዶላር ተረፈ ማለት ነው።

«ማንሽን ታክስ» ግን ከሁለቱም አያመልጥም። ዋጋው 1 ሚሊዮን ዶላር ከደረሰ ገዢው ከጠቅላላ ዋጋው 1 በመቶ ይከፍላል፤ ዋጋው ሲጨምር መቶኛው እያደገ 25 ሚሊዮን ላይ 3.9 ይደርሳል። 1 ሚሊዮን የተባለውን ቤት 999,000 ማስደረግ አንድ ሺህ ዶላር ብቻ የሚያስቀንስ ይመስላል፤ በግብሩ በኩል ግን 10,000 ያድናል። ለመደራደር ይህን ያዙ።

አንድ ነገር ግን በመጀመሪያው ስልክ ላይ ጠይቁ፦ «ሕንፃው የቆመበት መሬት የማነው?» አንዳንድ ኮ-ኦፖች መሬቱን የተከራዩ ናቸው። የመሬት ኪራዩ በየተወሰነ ዓመት ሲከለስ ሜንተናንሱ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል፤ የኪራይ ዘመኑ ካለቀ ደግሞ ነገሩ ከዚያም ይከፋል። ቤቱ በሰፈሩ ዋጋ ግማሽ የሚሸጥ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

3. ሂሳቡን በቦርዱ ዓይን ሥሩት

ባንክ «እንሰጣችኋለን» ስላለ ብቻ ቤቱን አገኛችሁ ማለት አይደለም። ኮ-ኦፕ የራሱ ሚዛን አለው፣ ከባንክም የጠበቀ ነው። ብዙ ሕንፃዎች ቢያንስ 20 ወይም 25 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ 50 በመቶ ይላሉ፤ ጭራሽ ብድር የማይፈቅዱም አሉ። ከዚህ ሌላ ሁለት ቁጥር ያያሉ፦ የወር ወጪያችሁ ከወር ገቢያችሁ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ገዝታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በእጃችሁ ስንት ጥሬ ገንዘብ እንደሚቀር።

በምሳሌ እንየው። ቤቱ 900,000 ዶላር ነው እንበል። 25 በመቶ 225,000 ነው፤ የቀረውን 675,000 ተበደራችሁ። ወለዱ 6.5 በመቶ፣ ዘመኑ 30 ዓመት ቢሆን የወር ክፍያው 4,266 ዶላር ገደማ ይመጣል። ሜንተናንሱ 2,400 ቢሆን በወር በድምሩ 6,666 ዶላር። ቦርዱ «ከገቢ 28 በመቶ አይለፍ» የሚል ከሆነ ቤተሰቡ ሌላ ዕዳ ሳይኖርበት በዓመት ወደ 286,000 ዶላር ማግኘት አለበት። «የሁለት ዓመት ወጪ በእጅ ይቅር» ካለ ደግሞ 160,000 ዶላር ገደማ ሌላ ያስፈልጋል። የጡረታ ሂሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ እዚህ አይቆጠርም።

ስለዚህ ቤቱን ሄዳችሁ ከመውደዳችሁ በፊት ደላላውን የሕንፃውን መስፈርት ጠይቁት። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ቅድመ ክፍያ ስንት? የዕዳና ገቢ ምጣኔ ስንት? ከግዢ በኋላ ስንት ይቅር?

የኛ ሰው ልብ የሚለው ሌላም ነገር አለ። ዕቁብ ደርሷችሁ ወይም ዘመድ አግዟችሁ ትልቅ ገንዘብ በአንድ ቀን አካውንታችሁ ከገባ ባንኩም ቦርዱም «ይህ ከየት መጣ?» ይላሉ። ስጦታ ከሆነ ሰጪው የማይመለስ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍ። አንዳንድ ቦርድ ስጦታ ጭራሽ አይቀበልም። ገንዘቡን ቢያንስ ከወራት በፊት አስገብታችሁ ብታረጋጉት ጥሩ ነው።

4. ቤቱን ስታዩ

ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዴ ቀን፣ አንዴ ማታ። ክረምት ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ማሞቂያውን በሥራ ላይ ታዩታላችሁ።

ራዲየተሩን እዩ። የእነዚህ ሕንፃዎች ሙቀት የሚመጣው በአብዛኛው ምድር ቤት ካለው ቦይለር በእንፋሎት ነው። ራዲየተሩ ላይ የሚገባው ቧንቧ አንድ ብቻ ከሆነና በሌላኛው ጎን ትንሽ የአየር ማስወጫ ካለችው «ዋን-ፓይፕ» ይባላል። እንፋሎቱ የሚገባው፣ ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን የሚመለሰውም በዚያችው ቧንቧ ነው። ለዚህ ነው ራዲየተሩ ወደ ቧንቧው በኩል ትንሽ ዘመም ማለት ያለበት። ካልዘመመ ውሃው ውስጡ ይጠራቀማል፤ እንፋሎቱ ሲመጣ ውሃውን ያላጋዋል፣ ሌሊት ሰው በመዶሻ የሚደበድበው ይመስል ቋ ቋ ይላል። መፍትሔው አንዳንዴ ከወዲያኛው ጫፍ እግር ሥር ስስ እንጨት መወተፍ ብቻ ነው። እናንተ ግን ስታዩ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ያለውን ወለል ተመልከቱ። እንጨቱ ጠቁሮ ወይም አብጦ ከሆነ ለዓመታት ሲያፈስ ኖሯል። ታችኛው ጎረቤት ጋም ጣጣ ነበር ማለት ነው።

ክረምት ገብታችሁ ቤቱ ከልክ በላይ ቢሞቅ፣ ሰዉም መስኮት ከፍቶ ቢቀመጥ አትደነቁ። የ1918ቱ የኅዳር በሽታ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ «ንጹሕ አየር ይግባ» የሚለው ምክር ገነነ። የዚያ ዘመን ብዙ የማሞቂያ ሥርዓትም መስኮት ተከፍቶ እንኳ ቤቱ እንዲሞቅ ተደርጎ ተመጠነ። ዛሬ ላይ ነዳጅ ማባከን ነው፣ ሂሳቡም ሜንተናንሳችሁ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ግድግዳው። ልስን ነው፤ ከበስተጀርባው ሸክላ ብሎክ ወይም የብረት ወንፊት አለው። ወፍራም ስለሆነ የጎረቤት ወሬ አይሰማም። ዋይፋይም እንዲሁ ላያልፍ ይችላል። በጣታችሁ ቆርቆር አድርጉት። ባዶ ድምፅ ካሰማ ልስኑ ከጀርባው ለቋል። ዋናው ቦታ የውጭ ግድግዳው ነው፦ ከመስኮቱ በላይ ያለው ማዕዘንና ኮርኒሱ ከውጭ ግድግዳው ጋር የሚገናኝበት። እዚያ ላይ ቀለሙ ካበጠ፣ ቡናማ ቀለበት ካለ ወይም ትናንት የተቀባ የሚመስል ንጹሕ ቀለም ክፍሉ ሌላ ቦታ ላይ ሳይኖር እዚያ ብቻ ካለ ጠይቁ። ውሃ ከጡቡ ወይም ከመስኮቱ አናት ብረት በኩል እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህን ማስተካከል የሕንፃው ሥራ ነው፤ ሕንፃው መቼ እንደሚያስተካክለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ውሃውን ሁሉንም በአንዴ ክፈቱ። ሻወሩን ከፍታችሁ መጸዳጃውን ልቀቁት፣ የኩሽናውንም ክፈቱ። ሻወሩ ከደከመ የድሮው ብረት ቧንቧ ከውስጥ በዝገት ጠቧል። ከሲንኩ ሥር ገብታችሁ ቧንቧው ከምን እንደተሠራ እዩ። ቤቱ ውስጥ ያለው ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ የናንተ፣ ግድግዳው ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ዋናው ቧንቧ የሕንፃው ኃላፊነት ነው። ዋናው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ።

የመብራት ሳጥኑን ከፍታችሁ እዩ። አሁንም ፊውዝ ከሆነ፣ ወይም ዋናው ብሬከር 40 ወይም 60 አምፔር ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ማድረቂያና ሦስት ኤሲ አብረው አይነሡም። «አሳድገዋለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ከምድር ቤት ወደ እናንተ ፎቅ የሚመጣው መስመር ራሱ አቅም ላይኖረው ይችላል። ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ካለው ከአደጋ የሚከላከለው የመሬት መስመር (ግራውንድ) የለውም።

መስኮቶቹ ከሁሉም በላይ ገንዘብ ይበላሉ። ሕንፃው በቅርስነት በተከለለ ሰፈር ውስጥ ከሆነ ያለ ከተማው የቅርስ ኮሚሽን ፈቃድ መስኮት መቀየር አይቻልም። ኮሚሽኑ የተቋቋመው በ1965 ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተጀመረው የፔን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ መፍረስ ከተማውን ካስቆጣ በኋላ። ሌላው ወጥመድ «ሎት-ላይን» መስኮት ነው፦ በጎረቤት ቦታ ወሰን ላይ ያለ መስኮት። ጎረቤቱ ከፍ አድርጎ ከሠራ ይደፈናል። ያ ውብ ብርሃን የሚገባው ከዚያ ከሆነ ብርሃኑን በውሰት ነው የያዛችሁት።

ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ማብሰያ ጋዙ ይሠራል? አንድ ቦታ ላይ መፍሰስ ከተገኘ የሕንፃው ጋዝ በሙሉ ይዘጋል፤ እስኪመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ነዋሪው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይከርማል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ቤት ውስጥ ይፈቀዳል? ብዙ ቦታ አይፈቀድም፣ ምድር ቤት ወርዳችሁ ነው የምታጥቡት። ምንጣፍስ? የብዙ ሕንፃዎች ደንብ 80 በመቶው ወለል ምንጣፍ ይልበስ ይላል። ያ በፍቅር ያያችሁት ኦሪጅናል ፓርኬ በአብዛኛው ተሸፍኖ ይኖራል ማለት ነው።

ሱፐሩን ካገኛችሁት ሰላም በሉት። ሕንፃው ውስጥ እየኖረ ጥገናውን የሚይዘው እሱ ነው፤ ደላላው ያልነገራችሁን በአንድ ደቂቃ ሊነግራችሁ ይችላል።

5. የሕንፃውን ወረቀት መመርመር

ብዙ ሰው እዚህ ይደክመዋል። ቤቱን ሦስት ጊዜ አይቶ የሕንፃውን ሂሳብ አንዴም ሳይገልጥ የሚፈርም አለ። ይህን ሥራ ለጠበቃችሁ ስጡ፤ ግን ምን እንደሚፈልግ እናንተም እወቁ።

የሁለት ዓመት የተመረመረ የሂሳብ ሪፖርትና የቦርዱን ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። ቃለ ጉባኤው ወርቅ ነው። ሊፍቱ ስንት ጊዜ እንደቆመ፣ የትኛው መስመር እንደሚያፈስ፣ ማን ማንን እንደከሰሰ፣ አይጥ እንዳለ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

ሂሳቡ ላይ መጀመሪያ የሕንፃውን ብድር ፈልጉ። ስንት ነው? ወለዱ ስንት ነው? መቼ ያልቃል? ወለድ ዝቅ ባለበት በ2020 እና በ2021 የተበደረ ሕንፃ ብድሩን ሲያድስ ወለዱ ከፍ ሊልበት ይችላል፤ ልዩነቱ ሜንተናንስ ላይ ይመጣል። ከዚያ መጠባበቂያውን እዩ። መጠባበቂያው ቀጭን ሆኖ ትልቅ ጥገና ከመጣ ቦርዱ «አሰስመንት» ይጥላል፤ ከወርሃዊ ክፍያው በላይ የሚመጣ ተጨማሪ መዋጮ ነው።

ይህ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ካስል ቪሌጅን ማየት ይበቃል። ሀድሰን ሃይትስ ውስጥ ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሠራ፣ ወንዙን ከላይ የሚያይ ውብ ግቢ ነው። በ2005 የግቢው የድጋፍ ግንብ ተደርምሶ ታች ባለው የሄንሪ ሀድሰን ፓርክዌይ ላይ ወረደ። ሰው አልሞተም። የጥገናው ጣጣ ግን ለዓመታት ባለአክሲዮኖቹን አስጨነቀ። ግንቡ የማንም መኝታ ቤት አልነበረም፤ የሁሉም ነበር።

ሁለት የከተማ ሕጎች ደግሞ የግድ መጠየቅ አለባቸው። አንደኛው «ሎካል ሎው 11» ነው። ከስድስት ፎቅ በላይ የሆነ ሕንፃ ሁሉ የውጭ ገጽታው በየአምስት ዓመቱ ይመረመራል። ታሪኩ ያሳዝናል፤ በ1979 ብሮድዌይ ላይ ከሕንፃ የወደቀ ቁራጭ አንዲት የባርናርድ ኮሌጅ ተማሪን ገደለ፣ በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያው የምርመራ ሕግ ወጣ። በጌጥ የተሞላ ፕሪ-ዋር ሕንፃ ላይ ይህ ጥገና ውድ ነው። ከሕንፃው በር ላይ ያ የታወቀው የእግረኛ መንገድ መከለያ ቆሞ ካያችሁ፣ መቼ እንደቆመ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ እንዳለቀ ጠይቁ። ገና ሊጀመር ነው ካሉ ዋጋ ስትደራደሩ አንሡት።

ሁለተኛው «ሎካል ሎው 97» ነው። በ2019 ወጣ። ከ25,000 ስኩዌር ፊት በላይ የሆኑ አብዛኞቹ ሕንፃዎች ከ2024 ጀምሮ የሚለቁት ካርቦን ገደብ አለው፤ ከ2030 ጀምሮ ገደቡ ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል። ከገደብ በላይ ለሆነው እያንዳንዱ ቶን ቅጣቱ በዓመት 268 ዶላር ነው። በዘይት የሚሠራ ያረጀ የእንፋሎት ቦይለር ያለው ሕንፃ እዚህ ላይ ዕቅድ ሊኖረው ይገባል። «የ2030 ዕቅዳችሁ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ካሉ መልሱ እሱ ነው።

በራሳችሁም በነፃ የምታዩት አለ። የከተማው የሕንፃዎች መምሪያ ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ስታስገቡ ያልተዘጉ ጥሰቶችና የሥራ ፈቃዶች ይወጣሉ። «ኤክሪስ» የሚባለው የከተማው የንብረት መዝገብ ደግሞ ከላይና ከታች ያሉት ክፍሎች በስንት እንደተሸጡ ለማየት ይረዳል። አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር፦ ከተማው ከ1939 እስከ 1941 ለግብር ብሎ የሕንፃዎቹን ፎቶ አንሥቷል። ፎቶዎቹ በማዘጋጃ ቤቱ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ አሉ። ሕንፃችሁን ፈልጉት። ያኔ አናቱ ላይ የነበረው ጌጥ ዛሬ ከሌለ፣ መስኮቱ ከተቀየረ፣ ፊት ለፊት ይታያል።

6. ዋጋ መስጠትና ውል

ኒው ዮርክ ውስጥ «ተስማምተናል» ቃል ብቻ ነው። ውሉ በሁለቱም ወገን እስኪፈረም ሻጩ ለሌላ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ጠበቃችሁን ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት ያዙ። ስትፈርሙ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ታስይዛላችሁ፤ ገንዘቡ ሻጩ እጅ አይገባም፣ በሻጩ ጠበቃ አደራ ሂሳብ ይቀመጣል። ቦርዱ ካልተቀበላችሁ ገንዘቡ እንዲመለስ፣ ባንክ ካልሰጠም እንዲመለስ በውሉ መጻፉን አረጋግጡ።

በኒው ዮርክ ግዛት ቤት ሻጭ የሚሞላው የጉድለት መግለጫ ቅጽ አለ፤ ኮ-ኦፕና ኮንዶ ግን በዚያ ሕግ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ማየት የናንተ ፋንታ ነው፤ መርማሪ ባለሙያ ቅጠሩ። ሊድ (መርዛማው የእርሳስ ብረት) ያለበትን ቀለም በተመለከተ ግን ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ሻጭ የሚያውቀውን መናገር አለበት፤ ገዢም ለማስመርመር 10 ቀን የማግኘት መብት አለው። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ይህን መብት አሳልፋችሁ አትፈርሙ።

7. ቦርዱ

የማመልከቻው ጥራዝ ወፍራም ነው፦ የሁለት ወይም ሦስት ዓመት የግብር ወረቀት፣ የባንክ ሪፖርቶች፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫ፣ ከወዳጅና ከሥራ ባልደረባ የድጋፍ ደብዳቤ። ቁጥሩ ከወረቀት ወረቀት አይለያይ። መግለጫው ላይ 82,400 ብላችሁ የባንኩ ወረቀት 79,150 ካለ ቦርዱ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። የድጋፍ ደብዳቤው ደግሞ «ጥሩ ሰው ናቸው» ብሎ አይብቃው። ስንት ዓመት እንደሚያውቋችሁና ጎረቤት ሆናችሁ ምን እንደምትመስሉ ይናገር።

ቃለ መጠይቁ አጭር ነው። ንጹሕ ልበሱ፣ በሰዓቱ ድረሱ፣ የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ማን ስለ ገንዘብ፣ ማን ስለ ሌላው እንደሚመልስ ቀድማችሁ ተስማሙ። የእድሳት ሐሳባችሁን እዚያ አታውጡ። «ግድግዳውን አፍርሼ ኩሽናውን ልከፍተው አስቤ ነበር» የምትል ዓረፍተ ነገር ጎረቤቶቻችሁን ስለሚመጣው አቧራና ጩኸት ታሳስባለች። ጥያቄ ጠይቁ ቢሏችሁም «ሁሉ ግልጽ ነው፣ እናመሰግናለን» ብሎ መነሣት ይሻላል።

ቦርዶች ምክንያት ሳይነግሩ እምቢ ማለታቸው የተለመደ ነው። በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር ወይም በስደተኝነት ሁኔታ ምክንያት መከልከል ግን ሕገ ወጥ ነው። እንዲህ የሚያስጠረጥር ነገር ካያችሁ ከጠበቃችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ አቤቱታውን የሚቀበለው የከተማው የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ነው።

8. ቁልፉን ከያዛችሁ በኋላ

ቀለም ከመቀባት ያለፈ ሥራ ሁሉ የሕንፃው ፈቃድና «ኦልተሬሽን አግሪመንት» (ከሕንፃው ጋር የሚፈረም የእድሳት ውል) ያስፈልገዋል። ሥራው የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። አንዳንድ ሕንፃ ትልቅ ሥራን በሞቃቱ ወራት ብቻ ይፈቅዳል። ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አስቤስቶስ (ለጤና አደገኛ የሆነ የድሮ መጠቅለያ ቁስ) መኖር አለመኖሩ በባለሙያ ይመረመራል፤ በዚህ ዕድሜ ሕንፃ ላይ የቧንቧ መጠቅለያው ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። ኩሽና ወይም መታጠቢያ ቤት ማዛወር ካሰባችሁ ደግሞ ከታች ያለው ክፍል ምን እንደሆነ አጣሩ። በጎረቤት ሳሎን ወይም መኝታ ቤት አናት ላይ ውሃ ያለበት ክፍል መሥራት አብዛኛው ሕንፃ ይከለክላል።

ሠራተኛ ስታስገቡ የነሐስና የመስታወት በር እጀታዎቹን፣ የጓዳ ማጠፊያዎቹንም ቆጥራችሁ በሳጥን አስቀምጡ። ሠራተኛ «አሮጌ» ብሎ ይጥላቸዋል፤ በኋላ ተመሳሳዩን መፈለግ በአሮጌ ዕቃ መደብር ማለፊያ ዋጋ ያስከፍላል።

የመጀመሪያው ቅዝቃዜ ሲመጣ የዋን-ፓይፕ ራዲየተሩን ቫልቭ ወይ ሙሉ ክፈቱት፣ ወይ ሙሉ ዝጉት። ሙቀት ለመቀነስ ብላችሁ ግማሽ ላይ አታቁሙት፤ ውሃው መመለሻ አጥቶ ይንኳኳል፣ ባስ ሲልም በአየር ማስወጫዋ በኩል ወለሉ ላይ ይረጫል። ሙቀቱ ከበዛባችሁ ሱፐሩን ጥሩና የአየር ማስወጫዋን ሙቀት በሚቆጣጠር ቫልቭ እንዲለውጥላችሁ ጠይቁት።